ባዶ እጅ የማይወጣበት ዳገት

መሮጥ የጀመርኩት በሐኪም ትእዛዝ ነው እንጂ ወድጄ አይደለም። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከስፌት መኪናዬ ጋር ተፋጥጬ ነው የምውለው። የወገቤ ሕመም ሲብስብኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም መድኃኒት ይጽፍልኛል ብዬ ስጠብቅ እጁን አጣምሮ «ይንቀሳቀሱ» አለኝ። ለዚች ቃል ነው ግማሽ ቀን የተሰለፍኩት ብዬ ተናድጄ ወጣሁ። ባለቤቴ ግን ነገሩን አልተወውም። አንድ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ሰው ሰብስበው እንደሚያሮጡ ሰምቶ፣ እኔን ሳይጠይቅ ሄዶ ትመጣለች ብሏቸው መጣ። ለሁለት ቀን አኮረፍኩት፤ ቅዳሜ ግን ሄድኩ።

መምህሩን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የኩታበር ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ከኩታበር ደሴ እየሮጡ ተመላልሰው እንደተማሩ በየሳምንቱ ይነግሩናል፤ መንገዱም በየሳምንቱ ይረዝማል። ፊሽካቸው ከአንገታቸው አይወርድም። እኛ ደግሞ ለሩጫ የተፈጠርን ሰዎች አንመስልም። ነርስ አለች፣ ፀጉር አስተካካይ አለ፣ ፍሬን ከመርገጥ ውጪ እግሩን ተጠቅሞበት የማያውቅ የባጃጅ ሹፌር አለ። ቅዳሜ የተመረጠችው ማንንም ስለማትነካ ነው። ዓርብ ጁምዓ አለ፤ እሑድ ደግሞ እንደ እኔ ያለው የጴንጤ ልጅም ኦርቶዶክሱም ቤተ ክርስቲያን ነው። ስንሮጥ ዝም ብሎ የሚሮጥ የለም፤ ሁሉም ያወራል። መጀመሪያ ወሬያቸው ነርቬን ይነካኝ ነበር። ኋላ ላይ ሳስተውል ከሁሉ በላይ የማወራው እኔ ሆኜ ተገኘሁ።

ከሰፈራችን በላይ፣ ጉም ካልያዘው በቀር የጦሳን ተራራ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ አንድ ዳገት አለ። ጋሼ ልምምዱን የሚጨርሱት እዚያ ነው። ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ የመጨረሻው ቤት ደጃፍ፣ አንዲት አሮጊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። የሰፈሩ ሰው «የላይኛዋ እማማ» ይላቸዋል። አንድ ቅዳሜ ትንፋሽ አጥሮን፣ ጉልበታችንን ይዘን ጎንበስ ብለን ሳለ ጠሩን።

«ማን ነው የሚያባርራችሁ?»

«ማንም አያባርረንም እማማ፤ ለጤናችን ነው» አሉ ጋሼ።

«እና እዚህ ድረስ ወጥታችሁ ምን ትሠራላችሁ?»

«እንመለሳለን።»

እማማ ሁላችንንም አንድ በአንድ አዩን። «አጀብ!» አሉ። «ይሄ ሁሉ ሰው ባዶ እጁን ወጥቶ ባዶ እጁን ሊወርድ! ወላሂ፣ ጉልበት እንዲህ ሲባክን አይቼ አላውቅም። በሉ፣ መውጣታችሁ ካልቀረ ለሚቀጥለው ውሃ ይዛችሁልኝ ውጡ።»

እኛ ሳቅን። የቧንቧ ውሃ እሳቸው ዘንድ የሚደርሰው ሲያሰኘው ብቻ መሆኑን አላወቅንም ነበር። ጋሼ ግን አልሳቁም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንሰበሰብ ትንንሽ ጀሪካኖች ውሃ ተሞልተው ተደርድረው ጠበቁን። ለወገቤ መድኃኒት ፍለጋ የመጣሁ ሴትዮ ውሃ ቀጂ ሆንኩ። ያን ቀን እስከ ዳገቱ ጫፍ አጉረመረምኩ፤ እማማ ጀሪካኑን ከእጄ ተቀብለው ግንባሬን ሲስሙኝ ግን ለሚቀጥለውም እኔው አመጣለሁ አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ባዶ እጅ መውጣት ቀረ። ለታመመ ሰው ከወፍጮ ቤት ዱቄት ይዘን ሮጥን፤ በቆሻሻ የተደፈነ ቦይ ጠርገን ተመለስን። አንዳንድ ቅዳሜ ከሩጫው ሥራው ይበልጥ ነበር። የማናውቃቸው ጎረቤቶች በስም ይጠሩን ጀመር። የሩጫችን መጨረሻ ግን ሁልጊዜ የእማማ ደጅ ነው።

ከዚያ ክረምቱ እየቀረበ መጣ፤ የእማማ ጭንቀትም አብሮ መጣ።

ያለፈው ክረምት ከላይ የወረደው ጎርፍ የቤታቸውን የጓሮ ግድግዳ ከሥሩ ቦርቡሮት ነበር። የጭቃ ቤት ነው፤ ሌላ እንዲህ ያለ ክረምት አይችልም። አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ። እረፍት ስታገኝ እየመጣች «ሐምሌ ሳይገባ እወስድሻለሁ» ትላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ የሚሞቱ እንጂ የሚሄዱ አይመስሉም። ሰበባቸው ሙቀቱ ነው፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ራሴን ያዞረኛል ይላሉ። አንድ ቀን ብቻችንን ሆነን ጎመን ሲቀነጥሱ ግን እውነቱን ነገሩኝ።

«ባለቤቴን የሸኘሁት ከዚህ ቤት ነው። እዚህ ሰፈር ያላዋለድኩት፣ ያልገሠጽኩት ሰው የለም። ኮምቦልቻ ስሄድ የልጄ እናት ነኝ። ሰው ሁሉ ያከብረኛል፤ ግን ማንም አያውቀኝም። እዚህ ግን እኔ እኔ ነኝ። ገባሽ ልጄ?»

ገብቶኛል። ቅናትም ቢጤ ተሰማኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ሰፈር ኖሬ፣ እኔ እኔ ነኝ ለማለት መጀመሪያ ማን ያውቀኛል ብዬ ማሰብ ነበረብኝ።

ጋሼ ሐሳብ አመጡ። ከቤቱ በላይ ጎርፉን ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ይቆፈር፤ ከቦዩ ሥር ደግሞ ግድግዳውን የሚጠብቅ የድንጋይ ካብ ይካብ። ድንጋዩ ከታች ከወንዙ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ሯጭ በየሳምንቱ የሚችለውን ድንጋይ ይዞ ይወጣል። የባጃጅ ሹፌሩ በባጃጅ ላምጣው ቢል ጋሼ ፊሽካቸውን ነፉበት። እንዲህ እያልን ከደጃፋቸው አጠገብ ደህና ክምር ሠራን። የቸገረን ቁፋሮው ነው። መሬቱ ድንጋያማ ነው፤ ዶማ የሚያውቅ ክንድ ይፈልጋል። የእኛ ክንድ ደግሞ መቀስ፣ መርፌና ስቴቶስኮፕ የሚያውቅ ክንድ ነው።

ስለዚህ ጋሼና እኔ ወደ ቅሬው ዳኛ ሄድን። ቅሬያችን፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ማለት ነው፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ የያዘ ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፤ ሁሉም ይወጣል፤ ተረኞቹም ዶማና አካፋቸውን ይዘው ይመጣሉ። ዳኛው ረጋ ያሉ፣ ቃላቸውን የሚመዝኑ ሰው ናቸው። ቡና ጋብዘው አዳመጡንና፣

«ቅሬ የሚወጣው ለሐዘን ነው» አሉ። «ዛሬ ለአንዱ ቦይ ከወጣ፣ ነገ ለሌላው አጥር ውጣ ይባላል። ሕጉን እኔ አላፈርሰውም።»

እኔ ደሜ ፈላ። «ታዲያ ግድግዳው ወድቆባቸው ሲሞቱ ትመጣላችሁ ማለት ነው?» አልኳቸው። ጋሼ እጄን ይዘው አወጡኝ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የእማማ ልጅ መጥታ ነበር። ድንጋይ ተሸክመን ስንደርስ በሩ ላይ ቆማ ተቀበለችን። ሌሊት ሠርታ የመጣች ስለሆነች ዓይኗ ቀልቷል። ሰላም አለችን፤ አመሰገነችን። ከዚያ ጋሼን ዞር አድርጋ፣ ግን ሁላችንም እየሰማን፣ እንዲህ አለቻቸው።

«እኔን ክፉ ልጅ አታድርጉኝ። ግድግዳው ብቻ አይደለም የሚያስፈራኝ። እናቴ ብቻዋን ናት። ሌሊት ማሽን ላይ ቆሜ የማስበው እሷን ነው። እናንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣላችሁ፤ አላህ ይስጣችሁ። የምትሞተው ማክሰኞ ቢሆንስ? ማን ያውቃል? ማን ይደውልልኛል?»

እንደ ልማዴ አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። በመጪው እሑድ መጥታ ዕቃቸውን እንደምትጠቀልል ነግራን ገባች። እማማ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ወደ ጦሳ ያዩ ነበር። ያን ቀን ምንም ሥራ አላዘዙንም።

ሰኞ ማታ ጋሼ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ መልእክት ላኩ። እስከ ቅዳሜ መጠበቅ አይቻልም፤ ነገ ከሥራ በፊት፣ ጎህ ሲቀድ ዳገቱ ላይ እንገናኝ፤ ቁፋሮውን በራሳችን እንጀምራለን የሚል ነው። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ነበር። ባለቤቴ አትሂጂ አለኝ። አትሂጂ ባይለኝ ኖሮ ምናልባት እቀር ነበር።

ጠዋት ሁላችንም ደረስን። ብርድ ነበር፤ ካፊያም ነበር። ሴቶቹ ነጠላችንን ተከናንበናል፤ ወንዶቹ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተዋል። ከቤት ውስጥ ጭላንጭል ይታያል፤ እማማ የሱብሂ ሰላታቸው ላይ ናቸው። ጋሼ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ጨርሰው እስኪወጡ ድምፅ እንዳናሰማ ነገሩን። እኛም አንገታችንን ደፍተን፣ ጭጭ ብለን ደጃፉ ላይ ቆምን። እኔ በነጠላዬ ጫፍ አፍንጫዬንና ዓይኔን እጠርጋለሁ።

አሁን ሳስበው ነገሩ ግልጽ ነው። ቅዳሜ ቢሆን ሰፈሩ ያውቀናል። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ግን አንዲት ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ደጅ ላይ ያን ሁሉ ሰው ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ ያየ ወሎዬ ምን ብሎ ያስባል?

አንዲት ጎረቤት ቆሻሻ ልትደፋ ወጣች። አየችን። ባለችበት ደርቃ ቀረች። ከዚያ ወደ እኔ ቀርባ፣ በዓይኗ ቤቱን እያሳየች፣ «እማማ?» አለችኝ በሹክሹክታ። ገና አልወጡም ልላት ፈለግሁ። ድምፅ የለኝም። ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁና አፍንጫዬን ጠረግሁ።

«ወይኔ! ወይኔ እማማን!» ብላ እየጮኸች ቁልቁል ወረደች።

ጋሼ ቢጠሯት አልሰማችም። እኛ ምን እንደሆነ እስኪገባን ጥሩምባው ተነፋ። ዳገቱ በአንድ ጊዜ ሰው አበቀለ። ሴቶቹ እያለቀሱ፣ ወንዶቹ እየተጣደፉ መጡ። ተረኞቹ ዶማና አካፋቸውን በትከሻቸው አድርገዋል፤ ከፊታቸው የቅሬው ዳኛ ጋቢያቸውን ለብሰው ይመራሉ። ጋሼ «ቆይ! ቆይ!» ይላሉ፤ በለቅሶው መሐል ማን ይስማቸው።

እማማ ሰላታቸውን ጨርሰዋል፤ ጥሩምባውንም ሰምተዋል። እንደማንኛውም የቅሬ አባል ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ደጃፉ በሰው ስለተዘጋ በጓሮ በኩል ወጡ፤ ዞረው መጥተውም ከለቀስተኛው ኋላ ቆሙ። የሆነውን የነገረችን ከፊታቸው የነበረችው ሴት ናት። እስከዛሬ ስታወራው ታፍራለች፤ ግን ማውራቷን አልተወችም።

«ማን ነው የሞተብን?» አሏት እማማ ከኋላዋ፣ ቀስ ብለው።

«የላይኛዋ እማማ» አለች ዘወር ሳትል።

እማማ ጠጋ አሏት። «እንዴት ያለች ሰው ነበረች?»

«ምላሳቸው ኃይለኛ ነበር፤ ግን ደግ ነበሩ። አራስ ሳለሁ ገንፎዬን ያገነፉልኝ እሳቸው ናቸው።» ድምጿ ተቆረጠ።

«ምላሷን ባታነሺባት ምን ነበረበት?» አሉ እማማ።

ሴትዮዋ ስትዞር የጮኸችው ጩኸት እንኳን ለቅሶውን፣ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ጸጥ አሰኘው። ሰው ሁሉ ዞረ። እማማ ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ቆመዋል። አንዱ «ላኢላሀ ኢለላህ» አለ፤ አንዱ አማተበ። ከዚያ ከየት እንደጀመረ ባላውቅም ሳቅ ፈነዳ፤ ሲያለቅሱ የነበሩት ሴቶች እያለቀሱ ሳቁ። ዳኛው ብቻ አልሳቁም።

«ማን ነው ሞቱ ያለው?» ብለው ጠየቁ።

ጎረቤቲቱ ወደ እኔ ጠቆመች። ሰው ሁሉ አየኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ላስረዳ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። በሕይወቴ ብዙ የምናገረው ኖሮኝ አንዲት ቃል ያጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዳኛው ወደ ቆፋሪዎቹ ዞረው «በሉ እንመለስ» ሊሉ ሲሉ እማማ ቀደሟቸው።

«ዶማውን ለማን ነው ያመጣችሁት?»

ዳኛው አመነቱ። «ለ... ለእርስዎ ነበር እማማ።»

«እንግዲያው ቆፍሩበታ! ስሞት የምትቆፍሩልኝን አላየውም። ይሄን ግን ቆሜ አየዋለሁ።» በጣታቸው ከቤቱ በላይ ያለውን መሬት አሳዩ።

ዳኛው መሬቱን አዩ፤ ክምር ድንጋያችንን አዩ፤ የተቦረቦረውን ግድግዳ አዩ። እኔንም አዩኝ፤ ቤታቸው ሄጄ የተናገርኳቸውን ያስታወሱ መሰለኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉት። «ቅሬው ተጠርቶ ወጥቷል» አሉ። «ከወጣ ወዲያ ሥራ ሳይሠራ ተመልሶ አያውቅም።» አንዱን ዶማ ራሳቸው ያዙ።

ሥራው ሊጀመር ሲል ነው ነርሷ «ልጃቸውስ?» ያለችው። ሳቁ እዚያው ላይ ቆመ። ስንት ሰው እንደደወለላት አይታወቅም። መልሰን ስንደውል መጀመሪያ ስልኳ ተይዟል፤ ኋላም ጭራሹን ጠፋ። እናቴ ሞተች ብላ ከኮምቦልቻ እያለቀሰች ሽቅብ እየመጣች ነው። ማንም ሳይልከኝ ወደ ታች ወርጄ መንገዱ ዳር ቆምኩ።

ከባጃጅ ስትወርድ የሥራ ልብሷን እንኳን አላወለቀችም። ሮጬ ተቀበልኳት። «በሕይወት አሉ! ደህና ናቸው!» ለማለት ሞከርኩ፤ ከጉሮሮዬ የወጣው ግን ሲቃ የሚመስል ድምፅ ነው። ያበጠ ዓይኔን አየች፤ በቃ፣ ለእሷ ከዚያ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። ገፍታኝ ሽቅብ ሮጠች። እኔም ተከተልኳት። ያን ዳገት እንደዚያ ቀን ሮጬው አላውቅም፤ ጋሼ ቢያዩኝ ኖሮ በኩታበር ይምሉልኝ ነበር። ግን አልደረስኩባትም። እናቷን የምትፈልግ ሴት በየትኛው ልምምድ ይደረስባታል?

ላይ ስትደርስ ያየችው አዲስ የተቆፈረ መሬት ነው፤ በዙሪያው አካፋ የያዙ የቅሬ ሰዎች። ቆመች። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

በዚያ ቅጽበት ከቤቱ ጀርባ ድምፅ መጣ። «ጎመኔን! አንተ ልጅ፣ ጎመኔን አትርገጥብኝ ብያለሁ!»

ልጂቱ ፊቷ ላይ ያየሁትን መግለጽ አልችልም። እኔም አለቀስኩ፤ ያን ጊዜ ግን ጉንፋን አልነበረም። እማማ ሲያዩዋት እየተንገዳገዱ መጥተው ራሷን ደረታቸው ላይ አደረጉት። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ። አለሁ። ሰው ትንሽ ቸኩሎ ነው» አሏት።

አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ተናደደች። ማን ነው የዋሸው አለች። ሰው ሁሉ አሁንም ወደ እኔ። ወደ እኔ ስትመጣ በጥፊ ልትለኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታችኝም። አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ስልኳን ነርሷ ቻርጅ አድርጋላት አመጣችላትና ስትከፍተው ያልተመለሱ ጥሪዎች ተግተለተሉ። ጣቷን ወደ ታች እየሳበች ታያለች።

«ይሄን ቁጥር አላውቀውም» አለች። «ይሄንንም አላውቀውም። እነዚህን ሁሉ አላውቃቸውም።»

«እኔ አውቃቸዋለሁ» አሉ እማማ ቦዩን እያዩ።

ልጂቱ ቀና አለች። ዶማ የያዙትን አየች፤ ድንጋይ የሚያቀብሉትን ሴቶች አየች። «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ማክሰኞ» አሉ ጋሼ።

ከተቀመጠችበት ተነስታ፣ የተቀመጠችበትን ድንጋይ ብድግ አድርጋ ወደ ካቡ ወሰደችው።

በዚያ እሑድ መጣች፤ ዕቃ ግን አልጠቀለለችም። ካቡ ላይ ስትሠራ ዋለች።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሐሙስ ሌሊት ወረደ። ጣሪያችን ላይ ሲያጓራ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ ጫማዬን አስሬ ብቻዬን ዳገቱን ሮጥኩ። ስደርስ ብቻዬን አልነበርኩም። ዳኛው ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል፤ ጎረቤቲቱ አለች፤ ጋሼ ከእኔ ቀድመው ደርሰዋል፤ ነርሷም ከልጂቱ ጋር በስልክ እያወራች ነው። ጎርፉ በቦዩ ውስጥ እየደነፋ ወደ ጎን ይወርዳል፤ ከካቡ በታች ያለው ግድግዳ ደረቅ ነው። ማንም ማንንም ሳይጠራ ነው የተገናኘነው።

በሩ ተከፈተና እማማ ወጡ። ሁላችንንም አንድ በአንድ አዩን።

«አልሞትኩም» አሉ። ከዚያ እጃችንን አዩ። «ደግሞ ባዶ እጃችሁን ነው የመጣችሁት?»